አርቪው ለብርድ ሊቆም ነው፤ የውሃ መስመሩ በአየር ይነፋ ወይስ ሮዙ አንቱፍሪዝ ይሞላ?

ጥያቄ፦ አውሮራ ነዋሪ

ሰላም ወገኖች። ያገለገለ ክላስ ሲ አርቪ (ውስጡ የሚታደርበት የጉዞ መኪና) አለን፤ ርዝመቱ 28 ጫማ ነው። የንጹሕ ውሃው ታንክ 40 ጋሎን፣ የእጣቢውና የሽንት ቤቱ እያንዳንዳቸው 30 ጋሎን፣ ቦይለሩ 6 ጋሎን ይይዛሉ። የውጭ ሻወር አለው፤ ሽንት ቤቱ አጠገብ የእጅ መርጫ አለ፤ የሽንት ቤቱን ታንክ ከውስጥ የሚያጥብ መስመርም ተዘርግቶለታል። ፓምፑ አልጋው ሥር ነው፤ ፈሳሽ ከጀሪካን የሚስብበት ተጨማሪ ቫልቭ ግን አልተገጠመለትም። ዊንተሩን የሚያሳልፈው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ደጅ ላይ ቆሞ ነው። መብራት የሚሰካበት ቦታ የለም።

መጠየቅ የምፈልገው ይኼን ነው። ታንኮቹንና መስመሩን አፍስሶ መተው ይበቃል? ካልበቃ በኮምፕሬሰር መንፋት ይሻላል ወይስ ሮዙን አንቱፍሪዝ (ብርድ ቱቦውን እንዳያፈነዳ የሚሞላውን ሮዝ ፈሳሽ) መሙላት? ስንት ጋሎን ልግዛ? የንጹሕ ውሃው ታንክ ውስጥስ ይጨመራል? በዚያ ላይ ለገና ወደ ዳላስ ልንወርድበት አስበናል። አንዴ ለብርድ ከተዘጋ በኋላ መንገድ ላይ እንዴት ነው የሚሆነው?

መልስ፦ የቧንቧ ሙያተኛ

ወንድሜ፣ ማፍሰስ ብቻ አይበቃም። ለምን እንደማይበቃ ከገባህ የቀረውን ሥራ ራስህ ትደርስበታለህ።

ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በከፊል የሞላ ታንክ ውስጥ ያለ ውሃ ወደ ላይ የሚያብጥበት ቦታ ስላለው ታንኩ ቶሎ አይሰነጠቅም። የሚያስፈራው ሁለቱም ጫፉ በተዘጋ መስመር ውስጥ የቀረ ውሃ ነው፤ በአንድ በኩል ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ፣ በሌላ በኩል የተዘጋ ቧንቧ ማለት ነው። በረዶው እየሰፋ ሲመጣ መሐል ላይ ገና ያልረጋውን ውሃ ይጨምቀዋል፤ ግፊቱም ደካማውን ቦታ ፈልጎ ይወጣል። ፔክስ የሚባለው የፕላስቲክ ቱቦ ራሱ ትንሽ ይለጠጣል፣ ብዙ ጊዜም ይተርፋል። የሚሰበሩት የፕላስቲክ ጎሚቶዎችና ቲዎች፣ የፓምፑ ራስ፣ የቧንቧው የውስጥ ካርትሪጅ፣ የፊልትሮው ቤት፣ የሽንት ቤቱ የውሃ ቫልቭና የውጭ ሻወሩ ማደባለቂያ ናቸው። አፍስሰህ ስትተወው ውሃው የሚቀረውም በእነዚህ ውስጥ ነው። ቱቦው ወለሉ ሥር በጎበጠበት ቦታና ሲፎኖቹ (ከሲንኩና ከሻወሩ ሥር ውሃ የሚቋጥሩት ጎባጣ ቱቦዎች) ውስጥም ይቀራል።

ዴንቨር አካባቢ የመጀመሪያው ውርጭ ብዙ ጊዜ ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ይመጣል። ደመራው ከተለኮሰ በኋላ ሁለት ሳምንት ቢያቆይህ ነው። ምን ያህል ሊበርድ እንደሚችል ካልክ፣ ዲሴምበር 22 ቀን 2022 ዴንቨር ከዜሮ በታች 24 ፋራናይት ገብታለች፤ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 31 መሆኑ ነው። ደጅ ለሚቆም፣ መብራት ለሌለው አርቪ የምመክረው ሁለቱንም ነው፤ መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ሮዙ። አየሩ የቀረውን ውሃ ካላስወጣ ሮዙ እየቀጠነ ይሄዳል፤ የቀጠነ አንቱፍሪዝ ደግሞ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ብርድ አይችልም።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቆሻሻውን ድፋ፤ የሽንት ቤቱን ታንክ አስቀድም፣ እጣቢውን አስከትል፤ እጣቢው የመድፊያውን ቱቦ ያጥበዋል። የሽንት ቤቱን ታንክ ንጹሕ ውሃ እስኪወጣ ድረስ እጠበው፤ ታች የቀረ ደለል ከረጋ የመድፊያው ቫልቭ አይከፈትልህም።

ቀጥሎ ቦይለሩ። ጋዙንም ኤሌክትሪኩንም አጥፋ፤ የኤሌክትሪኩን ብሬከር ጭምር። ውሃው እስኪቀዘቅዝ ብዙ ሰዓት ጠብቅ፤ ትኩስ ውሃ በግፊት ከወጣ ፊትህን ያቃጥላል። ፓምፑን አጥፍተህ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ክፈት፣ ከዚያ የግፊት ማስተንፈሻውን ቫልቭ አንሳ፤ የታችኛውን ቡሽ የምትፈታው ከዚያ በኋላ ነው። ቦይለርህ የብረት ታንክ ካለው ቡሹ ላይ የማግኒዚየም ወይም የአልሙኒየም ዘንግ ተያይዞ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ 1 ከ1/16 ኢንች ቡሶላ ይፈልጋል። ይህ ዘንግ በታንኩ ፈንታ የሚበላ ነው፤ ሦስት አራተኛው ካለቀ ለውጠው። የአልሙኒየም ታንክ ያላቸው ቦይለሮች ዘንግ የላቸውም፣ የፕላስቲክ ቡሽ ብቻ ነው ያላቸው፤ ከመጠን በላይ ካጠበቅኸው ጥርሱ ይበላሻል። ታንኩን ቀጭን መርጫ አስገብተህ እጠበው፤ ነጭ የኖራ ፍርፋሪ ይወጣል።

ከዚያ የንጹሕ ውሃውን ታንክ አፍስስ። ከወለሉ ሥር ሁለት ማፍሰሻዎች ታገኛለህ፤ አንዱ ለሙቅ፣ አንዱ ለቀዝቃዛ፣ ብዙ ጊዜ ቀይና ሰማያዊ ናቸው። ክፈታቸውና ቧንቧዎቹንም ሁሉ ክፈት። ውሃው መውረዱን ሲያቆም ፓምፑን ለ30 ሴኮንድ ያህል አስነሳው፣ ሆዱ ውስጥ ያለውን ይተፋዋል። የመጠጥ ውሃ ፊልትሮውን አውጥተህ ጣለው፤ ቤቱን ባዶውን መልሰህ እሰር።

አሁን ቦይለሩን ከመስመሩ ለየው። ጀርባው ላይ ሦስት ቫልቭ ካለ ወደ ቦይለሩ የሚገባውንና የሚወጣውን ዝጋ፣ መሐለኛውን (ባይፓሱን) ክፈት። ይህን የረሳ ሰው 6 ጋሎን ሮዝ ቦይለሩ ውስጥ ያፈስሳል፤ በስፕሪንግም ሽታው ቶሎ አይለቅም።

አየሩ ላይ ጥንቃቄ። የጎማ ውሃ በምትሰካበት የውጭ መግቢያ ላይ የአየር ማገናኛ ቡሽ ትገጥማለህ፤ ዋጋው ጥቂት ዶላር ነው። ኮምፕሬሰሩን በሬጉሌተር 40 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ላይ አቁመው፣ ከዚያ አትለፍ። አየሩን ከመልቀቅህ በፊት ቢያንስ አንድ ቧንቧ ክፍት ይሁን። ከዚያ ከሩቁ ጀምረህ አንድ በአንድ ክፈት፤ ሙቁን ለብቻ፣ ቀዝቃዛውን ለብቻ፣ ጉም ብቻ እስኪወጣ ድረስ። ሻወር፣ የውጭ ሻወር፣ የሽንት ቤቱ ፔዳል፣ የእጅ መርጫው፣ የታች ማፍሰሻዎቹ። አንዴ ዞረህ ስትጨርስ እንደገና ዙር፤ በሁለተኛው ዙር የሚወጣው ውሃ ብዛቱ ይገርማል።

ይህ አየር ፓምፑን አይነካውም፤ የፓምፑ የራሱ ቫልቭ ወደ ኋላ አያሳልፍምና። ለፓምፑ ሮዙ ያስፈልጋል። ወደ ፓምፑ የሚገባውን ቱቦ ከማጣሪያው ላይ ፍታና ባለ 1/2 ኢንች ጥርት ያለ ቱቦ ግጠምበት፤ ሌላውን ጫፍ የሮዙ ጀሪካን ውስጥ ክተተው። ቧንቧዎቹን ዝጋ፣ ፓምፑን አስነሳ። አሁን ከቅርቡ ጀምር፤ ሙቅ፣ ከዚያ ቀዝቃዛ። የሚወጣው ደብዘዝ ያለ ከሆነ አትዝጋ፤ ጀሪካኑ ውስጥ ያለውን ያህል እስኪቀላ ጠብቅ። የውጭው ሻወርና ሽንት ቤቱ አይረሱ። በመጨረሻ ፓምፑን አጥፍተህ ግፊቱን በአንድ ቧንቧ ቀንስ፤ የውጭ መግቢያው ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት አውጥተህ ከኋላዋ ያለውን ቫልቭ በእርሳስ ጫፍ ቀስ ብለህ ተጫን፤ ሮዙ ሲመጣ ጨርሰሃል። ግፊቱን ሳትቀንስ ከተጫንከው ስፕሪንጉ ተፈናጥሮ ይወጣል።

በእያንዳንዱ ሲፎን አንድ ኩባያ ሮዝ አፍስስ፤ የሻወሩንም ጨምር። ሽንት ቤቱ ውስጥ ጥቂት ይቅር፣ የታችኛው ጎማ እንዳይደርቅ። በእጣቢውና በሽንት ቤቱ ታንክ ግማሽ ግማሽ ጋሎን ጨምር፤ የመድፊያው ቫልቭ ጀርባ ንጹሕ ውሃ እንዳይቆም።

መስመሩ አስቀድሞ ከተነፋ 2 ጋሎን ይበቃሃል፤ አንተ 3 ግዛ። የንጹሕ ውሃው ታንክ ውስጥ አትጨምር። 40 ጋሎን ታንክ ውስጥ የገባ ጥቂት ሮዝ ወለሉ ላይ ይዘረጋል እንጂ ፓምፑ ጋ አይደርስም፤ ጣዕሙ ደግሞ በስንት እጥበት ነው የሚለቀው።

መልስ፦ ሰሜን ሚኒሶታ

ከላይ የተጻፈው በትክክል የሚሠራ ነው። እኔ ስለ ፈሳሹ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ጠርሙሱ ላይ "ከዜሮ በታች 50" ተብሎ ሲጻፍ ቱቦ እንዳይፈነዳ የሚጠብቅበት ልክ ነው እንጂ ፈሳሹ የማይረጋበት አይደለም። ከዚያ እጅግ ቀድሞ፣ በዜሮና በ10 ፋራናይት መካከል እንኳ፣ እንደ ተፈጨ በረዶ ይወፍራል። ይህ ጉዳት የለውም፤ ለስላሳ ስለሆነ ቦታ ያገኛል፣ ቱቦውን አይገፋም። ግን በዚያን ጊዜ ፓምፑን አታስነሳው፤ የወፈረውን ለመግፋት ሲታገል ፊውዙ ይቃጠላል። ውሃ ከተቀላቀለበት ደግሞ ልኩ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከፋብሪካ የመጣውን ፈሳሽ በውሃ አታብዛ። የተበጠበጠ ነው፣ የሚበጠበጥ አይደለም።

ስትገዛ ከጀርባው አንብብ። ፕሮፒሊን ግላይኮል ብቻ የሆነው ለጎማ ማሸጊያዎች ይስማማል። ርካሹ ኢታኖል ይቀላቀልበታል፤ ኢታኖል ጎማ ያደርቃል፣ በእሳት ይያያዛል፣ ሽታው አይለቅም። የመኪና ራዲያተር ውስጥ የሚገባው አረንጓዴ አንቱፍሪዝ ኢትሊን ግላይኮል ነው፤ መርዝ ነውና በመጠጥ ውሃ መስመር ውስጥ በምንም ምክንያት አይግባ።

በአንድ ነገር ግን አልስማማም። በየወሩ የሚጓዝ ሰው በአየር ብቻ ቢሠራ የሚሻለው ይመስለኛል፤ በየጊዜው ሮዝ መሙላትና ማጠብ አይሰለችም? አየር ብቻ ከሆነ ግን ሦስት ነገር ይሟላ። ፓምፑን ከሁለቱም ወገን ፍታውና ደረቅ እስኪሆን አስነሳው፤ ከማጣሪያው ጽዋ ውስጥም ውሃውን ድፋ። ሲፎኖቹና የታንኮቹ ቫልቮች ሮዝ ያግኙ፤ አየር ለእነሱ አይሠራም። ሦስተኛ፣ ኮምፕሬሰሩ የአየር ማጠራቀሚያ ያለው ይሁን፤ 6 ጋሎን ያህል ጥሩ ነው። የጎማ መንፊያ ትንሿ መሣሪያ ግፊት ትሰጣለች እንጂ ብዛት የላትም፤ አየሩ ከውሃው በላይ ሾልኮ ያልፋል፣ ውሃው የጎበጠው ቦታ ተኝቶ ይቀራል። ዘይት የሌለው ኮምፕሬሰር ከተገኘ ይመረጣል፤ የዘይት ጉም የመጠጥ ውሃ መስመር ውስጥ አይፈለግም።

መልስ፦ የመንገድ እመቤት

ከሁለቱም ወንድሞች ጽሑፍ ያልተነካ አለ፤ የሽንት ቤቱን ታንክ ከውስጥ የሚያጥበው መስመር። ይህ መስመር ከሌላው ጋር አይገናኝም። የራሱ መግቢያ አለው፣ ከዋናው የውሃ መግቢያ አጠገብ። መስመሩ ከመግቢያው ተነሥቶ ግድግዳው ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል፣ ብዙ ጊዜ ሻወሩ ጀርባ፤ እዚያ ቆሻሻ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል የፕላስቲክ ቫልቭ አለ፤ ከዚያ ወደ ታንኩ ይወርዳል። ፓምፑ ስለማይደርስበት ሮዙ እዚህ አይገባም። ውሃ ከቀረበት ያ ቫልቭ ይሰነጠቃል፤ በስፕሪንግ ታንክ ለማጠብ ውሃ ስትለቁበት ግድግዳው ውስጥ ይዘንባል፤ ወለሉ እስኪያብጥ ድረስ ማንም አያውቅም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሽንት ቤቱ ታንክ ማፍሰሻ ክፍት ሆኖ በዚያ መግቢያ በ30 ፒኤስአይ አየር ንፉ፤ የውሃ ድምፅ እስኪጠፋ፣ ከዚያም አንድ ደቂቃ ጨምሩ።

ሌላው የእጅ መርጫው ነው። እኛ ቤት ሁሉ የሚገጠም ስለሆነ ከፋብሪካው የሥራ መመሪያ ላይ አይገኝም። ራሱ ላይ ያለውን ጣት መጫኛ ካልያዛችሁት ውሃው ጎማው ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። አየሩ ሲነፋም፣ ሮዙ ሲሞላም፣ ራሱን ወደ ሽንት ቤቱ አዙራችሁ ሮዝ እስኪወጣ ተጫኑት። ከዚያ ነቅላችሁ ቤት ብትወስዱት ይበልጥ ይሻላል፤ መነሻው ላይ ያለችውን ትንሽ ቲ ክፍት ተዉአት።

በረዶ የሚሠራ ፍሪጅ ወይም የልብስ ማጠቢያ ካለው የየራሱ የውሃ ቫልቭ አለው፤ አየርም ሮዝም ላይደርሰው ይችላል። የጠያቂው የለውም መሰለኝ፣ ስለዚህ አልዘረዝረውም።

ጠያቂው፦ አውሮራ ነዋሪ

እግዜር ይስጥልኝ። የእጅ መርጫውን እህቴ ባታነሺው ኖሮ ፈጽሞ አላስበውም ነበር። አሁን የቀረኝ የገናው ጉዞ ነው። ጃንዋሪ 5 ተነሥተን በ287 መንገድ በላማርና በአማሪሎ አድርገን ዳላስ መግባት፣ እዚያ አራት ሌሊት ማደር። አራት ሰው ነን። በሮዝ እንደተሞላ ነው የምንሄደው ወይስ ከመነሳታችን በፊት አጥበን ውሃ እንሙላ?

መልስ፦ ዳላስ ተመላላሽ

በሮዝ እንደተሞላ ውጡ። ጃንዋሪ ላይ ከአውሮራ ውሃ ሞልቶ በዚያ ሜዳ መንዳት መስመሩን ለነፋስ አሳልፎ መስጠት ነው። ነፋስ ቱቦውን ከአየሩ ሙቀት በታች ባያወርደውም ሙቀቱን በፍጥነት ይነጥቀዋል፤ በ60 ማይል የሚሮጥ አርቪ ሆድ ሥር ያለው ነፋስ ቀላል አይደለም። ቆሞ አምስት ሰዓት የሚችል ቱቦ እየተነዳ አንድ ሁለት ሰዓት ላይችል ይችላል።

መንገድ ላይ ሽንት ቤቱን መጠቀም ትችላላችሁ። ፓምፑ ጠፍቶ ይቆይ። አንድ ጋሎን ሮዝ ሽንት ቤቱ አጠገብ አስቀምጡ፤ ማፍሰሻ እሱ ይሁን፣ በየጊዜው አንድ ኩባያ ያህል። በውሃ ብታፈሱ ታንኩ ውስጥ ያለውን ሮዝ እያቀጠናችሁ ትሄዳላችሁ፤ አራት ሰው ሁለት ቀን ሲጠቀምበት የመድፊያው ቫልቭ አጠገብ ያለው ፈሳሽ ተራ ውሃ ሆኖ ያድራል። የሚጠጣና እጅ የሚታጠብበት ውሃ 5 ጋሎን በሚይዝ ጀሪካን ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ይሁን። እጅ የምትታጠቡበት እጣቢ ወደ ሲንኩ አይውረድ፤ ሳፋ ውስጥ ይጠራቀምና ውጭ ባለ ማስወገጃ ይደፋ፤ ሲፎኑ ውስጥ ያለው ሮዝ አይታጠብ።

ዳላስ ስትደርሱ የአራቱን ሌሊት ትንበያ እዩ። ሌሊቱ ከ32 ፋራናይት በላይ ከሆነ አጥባችሁ ውሃ ሙሉ። ዳላስ ደቡብ ናት ብላችሁ ግን አትዘናጉ፤ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2021 ከዜሮ በታች 2 ፋራናይት ደርሳለች። ከውርጭ በታች ከሆነና ግድ ውሃ ከፈለጋችሁ የሚከተለውን አድርጉ።

ካምፑ ውስጥ ያለውን ውሃ በጎማ አገናኝታችሁ አታሳድሩ። ታንካችሁን ሙሉ፣ ጎማውን ነቅላችሁ አፍስሱት፣ በፓምፑ ተጠቀሙ። ውርጭ አይነካውም የሚባለው የካምፕ ቧንቧ ቫልቩ ያለው መሬት ውስጥ ጠልቆ ነው፤ ሲዘጋ ዘንጉ ውስጥ ያለው ውሃ ታች ባለች ቀዳዳ ወደ ጠጠሩ ይፈሳል። ጎማው እንደተሰካ ቢቀር ግን ያ ውሃ መውረድ አይችልም፤ ዘንጉ ይፈነዳል፣ ካምፑም ሒሳቡን ለእናንተ ያመጣዋል።

የእጣቢው መድፊያ ቫልቭ ዝግ ይሁን። ክፍት ከተተወ ከሲንኩ የምትንጠባጠበው ውሃ በቱቦው ወለል ላይ እየረጋች ትደራረባለች፤ ጠዋት ቱቦው ከዳር እስከ ዳር የበረዶ ግንድ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ታንኩ ሲሞላ ብቻ ክፈቱ፣ ድፉ፣ ቱቦውን አንሥታችሁ አፍስሱት።

ታንኮቹ ሥር በ12 ቮልት የሚሠራ የማሞቂያ ንጣፍ የተለጠፈባቸው አርቪዎች አሉ። ቴርሞስታት አላቸው፤ በ45 ፋራናይት አካባቢ ራሳቸው ይነሳሉ። ታንኩ ባዶ ሆኖ ግን አታብሯቸው። ባትሪ ይበላሉ፤ 70 ዋት የሆነ አንድ ንጣፍ ወደ 6 አምፒር ይስባል። ሦስት ታንክ ከሆነ 18 አምፒር ነው፤ መብራት ሳይሰካ ሌሊቱን አያድርም። ደግሞ ታንኩን ያሞቃሉ እንጂ ቱቦውንና ቫልቩን አያሞቁም፤ ንጣፍ አለኝ ብሎ መተኛት አያዋጣም።

መልስ፦ የቧንቧ ሙያተኛ

ስለ ማሞቂያ አንድ ነገር በጣም ልብ ብለህ ያዝልኝ፤ በብርድ ከሚሰበሩት ቱቦዎች ብዙዎቹ የሚሰበሩት ሰዎቹ ውስጥ ሞቋቸው ተኝተው ሳለ ነው።

ብዙ አርቪዎች ላይ የጋዙ ፈርነስ ከሚነፋው ሙቅ አየር ትንሹ ወደ ወለሉ ሥር ይሄዳል፤ ታንኮቹና ቱቦዎቹ ያሉበትን ቦታ የሚጠብቀው እሱ ነው። ሰው ጋዝ ለመቆጠብ በመብራት የሚሠራ ትንሽ ሂተር ይሰካል። ክፍሉ ይሞቃል፣ ቴርሞስታቱ ይረካል፣ ፈርነሱ አይነሳም። ከወለሉ በታች ያለው ግን እየቀዘቀዘ ያድራል። ከ25 ፋራናይት በታች በሆነ ሌሊት ፈርነሱ መሥራት አለበት። ሂተሩን ከፈለግክ ዝቅ ባለ ደረጃ ተጠቀምበት፤ ፈርነሱ በየጊዜው እንዲነሳ። የሲንኩንና የመታጠቢያውን ቁም ሣጥን በር ክፍት አድርገህ እደር።

ሁለተኛው ባትሪው ነው። ፈርነሱ ጋዝ ቢያቃጥልም ነፋሹ በ12 ቮልት ነው የሚዞረው፤ 8 አምፒር ያህል ይወስዳል። 14 ሰዓት ሌሊት ግማሹን ቢሠራ 56 አምፒር ሰዓት ነው። ባለ 100 አምፒር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ሳይጎዳ የሚሰጥህ 50 ያህሉን ነው፤ በብርድ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ ብርዱ በሚጠነክርበት ሰዓት፣ ቮልቱ ይወድቅና ነፋሹ ይቆማል። ማደሪያህ መብራት የሚሰካበት ካምፕ ይሁን፤ ካልሆነ ሁለት ባትሪ ያስፈልግሃል። ባትሪህ ሊቲየም ከሆነ ከ32 ፋራናይት በታች ሆኖ እንዳይሞላ፤ ኃይል መስጠት ይችላል፣ መሙላት ግን ሴሎቹን ይገድላቸዋል።

ጋዙን እንዲህ አስላው። ባለ 30,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) ፈርነስ በሰዓት አንድ ሦስተኛ ጋሎን ፕሮፔን ያቃጥላል። ከላይ ባልኩት ሌሊት 2.3 ጋሎን ገደማ ይሆናል፤ ለአራት ሌሊት ከ9 ጋሎን በላይ። ከመነሳትህ በፊት ሙላ። ነዳጅ ስትሞላ ጋዙንና ፈርነሱን አጥፋ።

መልስ፦ የመንገድ እመቤት

ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ጋር እንኳ ጠዋት ተነሥታችሁ ቧንቧው አንድ ጠብታ ካልሰጠ፣ መጀመሪያ ፓምፑን አጥፉ። ቧንቧዎቹን ክፈቱ፣ የቀለጠው መውጫ እንዲያገኝ። ቁም ሣጥኖቹን ከፍታችሁ ፈርነሱን ከፍ አድርጉ፤ የምትደርሱበትን ቱቦ በፀጉር ማድረቂያ ከቧንቧው ጫፍ ጀምራችሁ ወደ ኋላ አሙቁት። ችቦና የጋዝ እሳት አይቅረብ፤ ፔክሱ ይቀልጣል፣ አርቪውም ሊያያዝ ይችላል። የመድፊያው ቫልቭ እንቢ ካለ በጉልበት አትጎትቱት፤ ገመዱ ይበጠሳል ወይም እጀታው ይቀራል። ቫልቩን በማድረቂያው አሙቁና ሽንት ቤቱ ውስጥ አንድ ጋሎን ሮዝ ጨምራችሁ ጠብቁ።

ሲቀልጥ የካምፑን ውሃ ቶሎ አታገናኙ። ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግታችሁ ፓምፑን አስነሱ። ግፊቱ ሞልቶ ዝም ካለ ደህና ነው። ሁሉም ተዘግቶ ሳለ በየጥቂት ደቂቃው የሚነሳ ከሆነ አንድ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ፓምፑ የሚያፈሰው የታንኩን ውሃ ብቻ ነው፤ የካምፑ ውሃ ግን አያልቅም።

መልስ፦ ሰሜን ሚኒሶታ

ዳላስ ላይ ውሃ ከሞላችሁም፣ በስፕሪንግ ከከፈታችሁም፣ ቦይለሩ ላይ አትቸኩሉ። መጀመሪያ በባይፓስ እንደተለየ ሮዙን አጥባችሁ አስወጡ፤ አረፋው እስኪጠፋ ድረስ ከእያንዳንዱ ቧንቧ። ቀጥሎ የቦይለሩን ቡሽ በቴፍሎን ቴፕ እሰሩ፣ ሦስቱን ቫልቮች ወደ ቦታቸው መልሱ፣ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ከፍታችሁ አየር ሳይተፋ ቀጥ ብሎ እስኪወርድ ጠብቁ። ከዚያ በፊት የኤሌክትሪኩን ብሬከር የነካ ሰው በደረቁ ያቃጥለዋል፤ የማሞቂያው ክር ውሃ ሳይኖር ደቂቃ አይቆይም። ቦይለሩን ስታፈሱ ብሬከሩ ላይ "ውሃ የለውም" የሚል ወረቀት ለጥፉ፤ የሚከፍተው ሌላ የቤተሰብ ሰው ሊሆን ይችላልና።

ታንኩን ለማከም ሽታ የሌለው በረኪና ለየ15 ጋሎኑ ሩብ ኩባያ ነው። ለአንተ 40 ጋሎን ሁለት ሦስተኛ ኩባያ ይሆናል። በባልዲ ውሃ በጥብጠህ ጨምረው፣ በፓምፑ እስከ እያንዳንዱ ቧንቧ አድርሰህ 12 ሰዓት አሳድረው፤ ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ አጥበህ አፍስስ። አዲሱን ፊልትሮ የምታስገባው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።